የይርጋው (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) ረቂቅ፦ እስከ ሐሙስ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ሕጉ እንዲሻሻል የምናስገባው ረቂቅ ይኸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ለጉዳት ካሳ ክስ የ2 ዓመት ይርጋ ይላል። በልጅነታቸው ለተደፈሩ፣ በደላላ ለተሸጡ ሰዎች ይህ ገደብ ይነሣ ነው ጥያቄያችን።

ከአዳማ፦ ቁጥሩን እስከ መጨረሻ አንብቡት። ንዑስ ቁጥር 2 ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ረጅሙን ይሰጣል። ከ13 ዓመት በታች ያለች ልጅን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ይቀጣል። የዚያ ይርጋ 20 ዓመት ነው። «2 ዓመት ብቻ» ብለን ከሄድን አንደኛው ገጽ ላይ ይጥሉናል።

ጸሐፊ፦ ይስተካከላል። ግን 20ውም የሚቆጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው። በ6 ዓመቷ የተደፈረች ልጅ 26 ሲሞላት አለቀላት። ስለ እሷ መክሰስ የነበረበት አሳዳጊዋ ነው። አሳዳጊዋ ራሱ ደፋሪው ቢሆንስ?

ከባሕር ዳር፦ ለዚህ ቁጥር 1853 አለ። ከሳሽ ከተከሳሹ ጋር ባለው ዝምድና ወይም በበታችነት ምክንያት ሳይከስ ከቆየ ዳኛው «ይርጋው አልፏል» የሚለውን መቃወሚያ ሊያልፈው ይችላል። ያንን ገጽ እኔ እጽፋለሁ። ማክሰኞ ይደርሳችኋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ርዕሱ ላይ «የ1960 ሕግ» ያለው ማነው? ሕጉ የ1952 ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ነኝ። እዚህ አሜሪካ ሁሉም የሚያውቀው በፈረንጆቹ 1960 ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የምናስገባው አዲስ አበባ ነው። አዋጅ ቁጥር 165/1952። አምና ደብዳቤያችን በዓመተ ምሕረት ስህተት ተመልሷል። የማተሚያውን ከኪሴ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ከአዳማ፦ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ለጥንቃቄ 1953 ይባል።

ገንዘብ ያዥ፦ የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ነው! ሕግ በወጣበት ዓመት ነው የሚጠራው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሁለቱንም ጻፉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱን ከጻፋችሁ ፊርማዬን አውጡ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ፊርማ ማስፈራሪያ አይደለም። ባለፈውም ስብሰባ እንዲሁ ብለው ጥለውን ወጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ የወጣሁት ስለተሰደብኩ ነው። ማን እንደሰደበኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከደሴ፦ አረብ አገር በሰው ቤት 4 ዓመት ፓስፖርቴ ተወስዶ፣ በር ተቆልፎብኝ ኖሬአለሁ። የላከኝ ደላላ ዛሬም ሰፈራችን ነው፤ ቤት ሠርቷል። ስመለስ የካሳ ክስ ልከፍት ሄድኩ። «2 ዓመትሽ እዚያው አለቀ» አሉኝ። ንዑስ ቁጥር 2ን የነገረኝ ሰው የለም። እናንተ በ1952 እና በ1953 ትጣላላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጄ፣ ይቅርታ። እኔም ለዚሁ ብዬ ነው። ወረቀቱ ዳግመኛ እንዳይመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሜሪላንድ በልጅነት ለተደፈሩ ሰዎች ይርጋውን ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ጭራሽ አንሥታለች። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም በሰው ንግድ ጉዳይ ለካሳ ክስ 10 ዓመት ይሰጣል፤ ልጅ ለነበረ ደግሞ የሚቆጠረው 18 ከሞላው በኋላ ነው። እሱን እናስገባ።

ከአዳማ፦ ይግባ። ግን ቁጥር 2116ንም አትርሱ። ለሕሊና ጉዳት የሚፈረደው ከ1,000 ብር አይበልጥም። ይርጋው ተነሥቶላት 1,000 ብር ብታገኝ ምን ይረባታል? ለጠበቃ እንኳ አይበቃም። እኔ ብሆን ከዚህ ነው የምጀምረው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ጥሩ ነው። ብር ሁሉም ሰው ይገባዋል።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው 1,000 ብሩ ገጽ 1 ላይ ይሁን። ባሕር ዳር፣ የ1853ቱ ገጽ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ ባሕር ዳር?

ጸሐፊ፦ ረቡዕ ሆነ። ስልኩም አይነሣም። ያለ 1853 እንሄዳለን። አዲሱ ርዕስ «የሕሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያ እንዲሻሻል የቀረበ ሐሳብ» ነው። ይርጋው አባሪ ይሆናል። ዓመቱ 1952።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንቀበልም አልልም። ግን እኛ ገንዘብ ያዋጣነው ለይርጋው ነበር።

ከደሴ፦ የእኔስ ጉዳይ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?

ጸሐፊ፦ አባሪ 2። ረቂቁን ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ፤ የጎደለውን ራስሽ ጨምሪበት። ቃልሽን ማንም አይቆርጠውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ማተሚያ ቤቱ ነገ ከሰዓት ይዘጋል። 30 ኮፒ ነው 40?