ዓይን እያየ ሰው አለማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ታናሽ ወንድሜ ታክሲ ይነዳል። ትናንት ጋቢና አብሬው ነበርኩ። በስፒከር ስለ እቁብ እያወራ ሳለ ነጠላ የለበሱ እናት ዜብራው ላይ ገቡ። እኔ ጮህኩ፣ እሱ ፍሬን ረገጠ። ለጥቂት ተረፉ። ዓይኑ ቀጥታ ወደ እሳቸው ነበር፤ ግን «እመብርሃንን፣ አላየኋቸውም» ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦
ይችላል፣ አትፍረጂበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይመንስና ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ቪዲዮ እያዩ ነጭ የለበሱት ተጫዋቾች ስንት ጊዜ ኳስ እንደተቀባበሉ ይቆጥሩ ነበር። መሃል ላይ ጎሪላ መስሎ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን ደቅቶ ወጣ። ግማሽ ያህሉ አላዩትም።

ሌላ መልስ፦
የእኔ ሥራ ሲቲ ስካን ማንበብ ነው። እንቅልፍ የሚነሳኝ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ነው። 24 ራዲዮሎጂስቶች፣ ማለትም የሕክምና ምስል የሚያነቡ ሐኪሞች፣ ሳንባ ላይ ኖዱል የምንላቸውን ትንንሽ እባጮች ሲፈልጉ፣ ከአማካይ ኖዱል 48 እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ስዕል ምስሉ ውስጥ ተከቶ ነበር። 20ዎቹ አላዩትም! ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ የሚከታተለው መሣሪያ እንዳሳየው ደግሞ ከነዚህ አብዛኞቹ ዓይናቸው በቀጥታ አርፎበታል። ዓይን ያገኘው ሁሉ ንቃታችን ጋ አይደርስም። ትኩረት ካልሰጠነው መንገድ ላይ ይቀራል።

ጠያቂዋ፦
ታዲያ እኔ ጎኑ ሆኜ ሳወራውስ?

ሲቲ አንባቢው፦
ይለያል። አንቺ መንገዱን ታያለሽ፤ ሲጨናነቅ ዝም ትያለሽ፣ ሲብስም ትጮሂያለሽ። ስልክ ላይ ያለው ሰው ግን ምን ያውቃል? በስፒከር መሆኑም አያድንም፤ ትኩረቱን የሚበላው ወሬው ነው። እባክሽ፣ ሲነዳ ስልኩን ጭራሽ እንዲዘጋው አድርጊ።