15 በመቶ ልዩ አስተያየት ካለ ዋጋ ሰቅዬ ልግባ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የመንግሥት ጨረታ ሰነድ እያነበብኩ ነበር፣ «ለአገር ውስጥ ምርት 15 በመቶ ልዩ አስተያየት ይደረጋል» ይላል። የኔ ዕቃ እዚሁ ነው የሚመረተው። ታዲያ 15 በመቶ ጨምሬ ብገባም አሸንፋለሁ ማለት ነው? ወይስ ካሸነፍኩ በኋላ ይጨመርልኛል? ግራ ገብቶኛል።

መልስ 1፦
ሁለቱም አይደለም ወንድሜ። ነገሩ የግምገማ ሂሳብ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በ100 ቢቀርብ፣ ለንጽጽር ሲባል 115 ተደርጎ ይያዛል፤ አንተ 110 ካልክ ታሸንፋለህ፣ ውሉም የሚፈረመው በዚያው በ110 ነው። ግን ሌላ የአገር ውስጥ አምራች 105 ይዞ ከመጣ አለቀልህ፣ በእናንተ መካከል ልዩ አስተያየት የሚባል ነገር የለም። ዋጋ የሚሰቅሉት ይቺን ነው የሚረሱት። የዓለም ባንክም ልዩ አስተያየት በሚፈቅድባቸው ጨረታዎች አሠራሩ ይሄው ነው፤ ለዕቃ 15፣ ለግንባታ 7.5 በመቶ።

መልስ 2፦
ከመቶኛው በፊት «የአገር ውስጥ» የሚለው እንዴት እንደተተረጎመ እይ። ንግድ ፈቃዴ ይበቃል ብሎ ገብቶ የሚወድቅ ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው አድራሻህ ሳይሆን ከዕቃው ዋጋ ስንት እጁ እዚህ እንደተጨመረ ነው። አሜሪካኖች የአገራቸውን ምርት የሚያስቀድመውን ሕግ ያወጡት በ1933 (በፈረንጆቹ) ነው፣ ዛሬም መለኪያውን እያጠበቁት ነው፤ በ2022 ከዕቃው ክፍሎች ዋጋ 60 በመቶው እዚያው የተመረተ መሆን ነበረበት፣ በ2024 65 ሆነ፣ በ2029 ደግሞ 75 ይሆናል። ካርቶን ቀይሮ «እኔ ነኝ ያመረትኩት» የሚል የትም ስላለ ነዋ።

መልስ 3፦
እኔ እንኳን በዚህ ነገር ብዙም አልደሰትም። ልዩ አስተያየት አግኝቼ አሸንፌ አውቃለሁ፣ ከዚያ ክፍያው ዘገየና የሠራተኛ ደሞዝ በብድር ከፈልኩ። ለትንሽ ድርጅት ከ15 በመቶው ይልቅ ቅድመ ክፍያ ቢኖር፣ ግዢው በትንንሽ ሎት (ለየብቻ በሚጫረቱበት ክፍል) ቢከፋፈል፣ የጨረታ ማስከበሪያው ቢቀንስ ይሻለዋል። ስለዚህ የክፍያውን አንቀጽ ሳታነብ እንዳትገባ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። አሁን አየሁት፣ የእሴት ጭማሪ ማስረጃ (ከዋጋው ስንት እጁ እዚህ እንደተጨመረ የሚያሳይ) ይላል። ካሸነፍኩ በኋላ ባቀርብ ይሆናል?

መልስ 2፦
ኧረ በፍጹም! ከጨረታው ጋር አብረህ አስገባ። ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ማን ይሰማሃል።