መርዶ ማቆየት፦ ብሩሪያ ልክ ነበረች?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱ የአይሁድ መምህር የረቢ ሜየር ሚስት የብሩሪያ ነገር ትናንት አላለቀልንም፣ ዛሬም እንቀጥል። ላልነበራችሁ፦ በሚድራሹ (የጥንት ረቢዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ) ትረካ ሁለት ልጆቻቸው በሰንበት ከሰዓት በኋላ ሞቱ። አባት ቤተ ትምህርት ነበር። እናት ልጆቹን አልጋ ላይ አጋድማ አንሶላ አለበሰቻቸው። "ልጆቹስ?" ሲላት "ቤተ ትምህርት ሄዱ" አለችው። ሰንበት ወጣ፣ እራቱን በላ። ከዚያ "አንድ ሰው አደራ ሰጥቶኝ ነበር፣ አሁን ሊወስድ መጣ፤ ልመልስለት?" አለችው። "ምን ጥያቄ አለው!" አላት። እጁን ይዛ ክፍሉ አስገባችውና አንሶላውን ገለጠች።

አሽዶዴው፦ እኔ አሁንም ልክ ናት ባይ ነኝ። በሰንበት ሀዘን አይቀመጡም። ቢያውቅስ ምን ያደርግ ነበር? እህል ቀምሶ መስማቱም ትልቅ ነገር ነው። አገር ቤትም መርዶ እንደደረሰ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ ነው።

ናታንያ፦ የእሷ እኮ ጥቂት ሰዓት ነው። እኔ አራስ ነበርኩ። አባቴ ጎንደር ሞቶ 2 ወር ደበቁኝ። "ስልኩ ተበላሽቶ ነው፣ ድምፅሽን ላኪ፣ እናሰማዋለን" እያሉ። ስረዳ ሺቫ፣ የሰባት ቀኑን ሀዘን፣ ልቀመጥ አልኩ። ከ30 ቀን በኋላ ለሰማ ሰው አንድ ሰዓት ነው ተባልኩ። ለአባቴ አንድ ሰዓት!

ተማሪው፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሕጉ እንደዚያ ነው። እንዲያውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ረቢ ዮሴፍ ካሮ ያዘጋጁት የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ፣ ሹልሃን አሩክ፣ ላልሰማ ሰው የመንገር ግዴታ የለም ይላል፤ ለአባትና ለእናትም ቢሆን። ሳያውቅ ሰርግ ቢጠሩትም ይፈቀዳል። የክራኮው ረቢ ሞሼ ኢሰርሌስ ግን ጨመሩበት። ከጠየቀ አይዋሽም። ወንድ ልጅ ካዲሽ (ለሞተ ወላጅ ነፍስ የሚባል የምስጋና ጸሎት) እንዲል ይነገረዋል። ለሴት ልጅ የመንገር ልማድ የለም።

ናታንያ፦ ይኸው! ሴት ስለሆንኩ አባቴ ገነት እንዲገባ አላስፈልግም ማለት ነው።

ተማሪው፦ የካዲሹ ነገር የመጣው ከጥንቱ መምህር ከረቢ አኪቫ አፈ ታሪክ ነው። መቃብር ስፍራ እንደ ከሰል የጠቆረ ሰው እንጨት ተሸክሞ ሲሮጥ አገኙ። ሰውየው ለካ ሙት ነው። በሕይወቱ ግብር ሰብሳቢ ሆኖ ድሃ ያሰቃይ ነበር፤ አሁን በየቀኑ በለቀመው እንጨት ይቃጠላል። አኪቫ ልጁን ፈልገው ፊደል አስቆጠሩት። ልጁ በጉባኤ ፊት ቆሞ ሲያመሰግን አባት ከገሃነም ወጣ። የኃጥእ ፍርድ 12 ወር ነው ስለሚባል ካዲሽ 11ኛው ወር ላይ ይቆማል፤ አባትህን ኃጥእ እንዳታስመስል። (ይቺ ይሉኝታ ሁሌ ደስ ትለኛለች።)

አምቦበር፦ ልጆች፣ ካዲሹን እኛ ቤተ እስራኤሎች እዚህ እስራኤል መጥተን ነው የሰማነው። የምናውቀው ተዝካር ነው። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይባረካል፣ ጠላው ይቀዳል። ያን ጠላ የሚጠምቁት ደግሞ ሴቶች ናቸው። አንቺ ልጄ፣ ተዝካሩን አወጣሽ?

ናታንያ፦ አውጥቻለሁ፣ ጋሼ። አሽዶዴው፣ ብሩሪያ ቢያንስ እጁን ይዛ አስገብታዋለች። እኔ 2 ወር ሙሉ "አባ፣ ልጁ አንተን ይመስላል" እያልኩ ድምፄን እልክ ነበር። ስልኩ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነበር። ሁሉንም ሰምቷቸዋል።

አሽዶዴው፦ ያን ሁሉ ብቻውን ሲሰማስ? ወንድምሽ አያሳዝንሽም?

ናታንያ፦ እስካሁን አላናገርኩትም።