ማሲ 135 ትራክተር ሲሞቅ አቀበት ላይ ይለግማል፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

የፒያሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፒያሳ ነኝ፣ ትራክተሩ ግን አሰላ አካባቢ አጎቴ ጋ ነው ያለው። ማሲ ፈርጉሰን 135፣ መልቲ ፓወር ያለው፣ ሞተሩ አሁንም ጤነኛ ነው። ጠዋት ሲነሳ ምንም አይልም፣ እየሞቀ ሲመጣ ግን በተለይ ተሳቢ ጭኖ አቀበት ሲወጣ ሞተሩ ይጮሃል ትራክተሩ ግን አይሄድም፣ ማርሽ አይዘልም የመፋጨት ድምፅም የለውም። እዛ ያለው መካኒክ ካምቢዮው በሙሉ ወርዶ ማርሹም ኩሽኔታውም ይቀየር ብሎ ረጅም ዝርዝር ላከልኝ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝተህ ላክ ተብያለሁ፣ ዋጋውን ሳጠያይቅ ደነገጥኩ። ሰኔ ሊገባ ነው፣ አጎቴ የሚተዳደረው በሱ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ የካምቢዮው ዘይት ማኪያቶ መስሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ተክልዬ መካኒክ፦
ወንድሜ በዚ ምልክት ማርሽ እንዳትገዛ። የተበላ ማርሽ ይጮሃል ወይ ይዘላል፣ ያንተ ግን የፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው) መንሸራተት ነው የሚመስለው፣ ጥያቄው የትኛው ፍሪሲዮን ነው የሚለው ነው ምክንያቱም መልቲ ፓወር ያለው ማሲ ከዋናው ፍሪሲዮን ሌላ ካምቢዮው ውስጥ በዘይት ግፊት የሚይዝ የራሱ ትንሽ ፍሪሲዮን አለው። እያንዳንዱን ማርሽ ፈጣን (ሃይ) እና ቀርፋፋ (ሎው) አድርጎ 6 የፊት ማርሽ የነበረውን 12 ያደረገው እሱ ነው።

አጎትህ እንዲህ ይሞክሩት። በደንብ ሲሞቅ ጭነት ይዘው አቀበት ላይ መልቲ ፓወሩን ሃይ ላይ አድርገው ይውጡ፣ ሲንሸራተት ያቁሙና ያንኑ ማርሽ ይዘው ሎው ላይ አድርገው እንደገና ይሞክሩ። ሎው ላይ ጥሩ ከጎተተ ዋናው ፍሪሲዮን ደህና ነው፣ ሎው ሲሆን ጉልበቱ በዛ ትንሽ ፍሪሲዮን አያልፍም። ሁለቱም ላይ ከተንሸራተተ ግን ዋናው ፍሪሲዮን ነው፣ ያኔም ዲስክ ከመግዛት በፊት ፔዳሉ ነፃ ጨዋታ (ፍሪሲዮኑን ሳይነካ ትንሽ የሚወርድበት ክፍተት) እንዳለው ይታይ፣ ፔዳሉ ሁልጊዜ ትንሽ ተጭኖ ከቀረ አዲስ ዲስክም ይቃጠላል።

ስለ ዘይቱ ያልከው ግን ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። የማርሽ ማንሻዎቹ ስር ያለችው ጎማ ተቀድዳ ከሆነ የክረምቱ ዝናብ ማንሻውን ተከትሎ ቀጥታ ውስጥ ይወርዳል፣ ስንት ትራክተር በዚች ትንሽ ጎማ ተበላሽቷል። ማሲ ላይ ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም ሃይድሮሊኩም አንድ ዘይት ነው የሚጋሩት፣ ስለዚ ውሃው ማርሽ ላይ ብቻ አይቀርም ፖምፓውን ይዞ መልቲ ፓወር ድረስ ይደርሳል።

ቤላሩስ ነጂ፦
እኔ አዳማ በተገጣጠመ ቤላሩስ ትራክተር ነው ያደግኩት፣ የቤላሩሱ ኤምቲዜድ 80 የሃይድሮሊክ ታንኩ ለብቻው ነው፣ ካምቢዮው ውስጥ ወፍራም የማርሽ ዘይት ትጨምርበታለህ ችግር የለውም። ብዙ ሰው በዛ ለምዶ ማሲ ላይም ያንኑ 90 ቁጥር ይሞላበታል፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ፣ ያ ዘይት ለማሲ ፖምፓ ይከብዳል፣ መልቲ ፓወሩም በትክክል አይሰራም። እስቲ አጎትህ መጨረሻ የሞሉት ምን እንደሆነ ጠይቅ። ማንሻውን ሲቀይሩ ካምቢዮው የሚፋጭ ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፒያሳው፦
ደወልኩ። ሎው ላይ ምንም ሳይል ወጣ! ሃይ ላይ ሲያደርጉት ወዲያው ለገመ። ጎማዋም ተቀድዳለች፣ በፌስታል አስረዋት ነው ያሉት። ዘይቱንም ማን ምን እንደሞላው አያውቁም።

ተክልዬ መካኒክ፦
በቃ ዋናው ፍሪሲዮን ይቆይ። ዘይቱ ሞቅ ካለ በኋላ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ይደር፣ ውሃው ወደታች ይወርዳል፣ ጠዋት የታችኛውን ቡሎን ቀስ ብለው ላላ ሲያደርጉት መጀመሪያ ውሃው ይወጣል ከዛ ዘይቱ። የወጣው ዘይት ውስጥ ማግኔት ይንከሩ፣ ግራጫ ብናኝ ብቻ ከያዘ የተለመደ ነው፣ የጥርስ ስባሪ ካወጣ ያኔ ካምቢዮውን መክፈት ያስፈልጋል። የፖምፓው ወንፊት ወጥቶ ይታጠብ፣ ጭቃ የዘጋው ወንፊት ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ግፊቱን ጭራሽ ያወርደዋል። ከዛ ለትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ በአንድ ላይ የተሰራ ዘይት ይሞላ፣ አሮጌው ወተት የመሰለ ስለሆነ ትንሽ ሰርቶ አንዴ ደግሞ ይቀየር፣ አንድ ጊዜ አይጠራም። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሃይ ላይ ከለገመ ግፊቱ ይለካ፣ ትራክተሩን ለሁለት መክፈት የመጨረሻው ነው። ከተከፈተ ሜዳና ጠንካራ መሬት ላይ፣ ከሞተሩ ስርና ከኋላው ጠንካራ ድጋፍ ገብቶ፣ በፊት አክሱ ግራና ቀኝ የእንጨት ሽብልቅ ተመትቶ ይሁን፣ አለዚያ ሞተሩ ወደ ጎን ይጋደማል፣ ሰው ይገድላል።

የበቆጂዋ፦
አንድ ነገር ማንም አላነሳውም። መልቲ ፓወር ያለው ማሲ ማርሽ ውስጥ ገብቶም ሞተር ሲጠፋ ቁልቁለት ላይ አይይዝም! ሎው ላይም ስትወርዱ ሞተሩ አይጎትታችሁም፣ ነፃ ይሆናል። ወንድሜ ማርሽ አስገብቶ አቁሞት ከላዩ ሲወርድ ትራክተሩ ተንሸራቶ ከአጥር ጋር ተጋጨ፣ ልጆች በዛ ሰዓት አለመኖራቸው እግዚአብሔር ይመስገን። የእጅ ፍሬኑ ይሠራ፣ ጎማ ስርም ድንጋይ ይደረግ። ቁልቁለት ከተሳቢ ጋር ሲወርዱ መልቲ ፓወሩ ሃይ ላይ ይሁን፣ ቀድሞ ዝቅተኛ ማርሽ ተመርጦ። አሁን ሃይው የሚንሸራተት ከሆነ ግን እስኪሠራ ድረስ ጭነት ይዘው ቁልቁለት እንዳይወርዱ ለአጎትህ ንገርልኝ።

የፒያሳው፦
ይሄንን እነሱም አያውቁም ነበር፣ አሁኑኑ ደውዬ ነገርኳቸው። ነገ ሶማሌ ተራ የምሄደው ለጎማዋ፣ ለወንፊቱ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) እና ለዘይቱ ብቻ ነው።

ተክልዬ መካኒክ፦
ስትሄድ የትራክተሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሴሪያል ቁጥር በፎቶ አስልክና ይዘህ ሂድ፣ 135 ብቻ ብትላቸው መልቲ ፓወር የሌለውን ዕቃ ሊሰጡህ ይችላሉ። ወደፊት ኩሽኔታ ካስፈለገም አሮጌው ጎኑ ላይ የተጻፈበትን ቁጥር አይተህ በሱ ግዛ።