የጫጩት ቤት ቴርሞስታት ከዋይፋይ ጋር አልገናኝ አለኝ

ጠያቂ፦ የጢጣዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ፣ ከጢጣ በኩል ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በልብስ ስፌት ስተዳደር ቆይቼ ዓይኔ ሲደክም ጫጩት ወደማሳደግ ዞርኩ። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ፣ ሁለት ወር ያህል አሳድጌ ለሰፈሩ አርቢዎች እሸጣለሁ።

በኅዳር ካስገባኋቸው 100 ጫጩቶች 37ቱ በአንድ ሌሊት ሞቱብኝ። የሚያሞቋቸው አምፖሎች እንደበሩ ነበር የተኛሁት። መብራት መቼ እንደጠፋ አላውቅም፤ ለሱብሂ ስነሣ ቤቱ ጨለማ ነው። ሮጬ ስገባ ጥግ ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። ከላይ የነበሩት ተርፈዋል፣ ከታች የነበሩት ታፍነዋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም፤ በየሌሊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ጋቢ ተከናንቤ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።

የእህቴ ልጅ ይህን አይቶ ከዱባይ ሲመጣ ዋይፋይ ያለው ቴርሞስታት፣ ሙቀት እየለካ አምፖል የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ፣ ይዞልኝ መጣ። ሶኬት ላይ ይሰካል፤ አምፖሎቹ ደግሞ በእሱ በኩል ይሰካሉ። ጫፉ ብረት የሆነ ሁለት ሜትር ገደማ ሽቦ አለው፤ ሙቀቱን የሚለካው እሱ ነው። ጀርባው ላይ 220 ቮልት፣ 16 አምፔር የሚል ተጽፎበታል። እኔ ያሉኝ አራት ባለ 250 ዋት ቀይ አምፖሎች ናቸው። «ሙቀቱን ከአልጋሽ ሆነሽ በስልክ ታያለሽ፤ ሲወርድ ስልኩ ይጮህልሻል» አለኝና፣ ሳያገናኘው የጉዞው ቀን ደርሶ ሄደ።

አሁን ስልኬ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር በደንብ ይገናኛል። መተግበሪያውንም ከፍቻለሁ። ቴርሞስታቱን ልጨምር ስል ግን ክቡ እየዞረ ይቆይና «አልተሳካም» ይለኛል። አምስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎልኛል። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ሲም ካርድ የሚገባበት ዓይነት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጫጩት ቤቱ ከጓሮ ነው፤ ከሳሎኑ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያውና በሩ ቆርቆሮ ነው። የዋይፋዩን ስም ልጄ በአማርኛ «የእናቴ ቤት» ብሎታል።

ቅዳሜ 150 ጫጩት ይገባልኛል፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው። የጥርን ብርድ የደሴ ሰው ያውቀዋል። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ደግሞስ ይህ ነገር የኢንተርኔት ጥቅሌን ይጨርስብኛል?

መልስ 1፦ ሽቦ ዘርጊ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አብሽሪ። ዕቃው የተበላሸ አይመስለኝም። ሁሉንም ስለዘረዘርሽልን ነገሩ ከሩቅም ይታያል።

የዛሬ ራውተሮች ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ሞገድ ያሰራጫሉ፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ስልክሽ ሁለቱንም ያነባል። እንዲህ ያሉ ቴርሞስታቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ራውተርሽ ሁለቱን በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ፣ ስልክሽ በ5 ገብቶ ቴርሞስታቱን ሊጠራው ይሞክራል፤ ቴርሞስታቱ ደግሞ አይሰማውም።

ሁለተኛው የምጠረጥረው ስሙን ነው። የዋይፋይ ስም የሚይዘው 32 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ በአማርኛ ከአሥር ፊደል በላይ አይገባም። «የእናቴ ቤት» ስድስት ፊደልና አንድ ክፍተት ስለሆነ 19 ባይት ነው፤ ይበቃዋል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ትንንሽ ዕቃዎችን የሚያገናኙ መተግበሪያዎች ከላቲን ውጭ ያለ ፊደል ሲያዩ የሚሳሳቱበት ጊዜ አለ። ይህ በሥራዬ ላይ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል።

እንዲህ አድርጊ። ስልክሽ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ ኢንተርኔት መክፈቻው ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ግቢ፤ ካልከፈተ ትክክለኛው ቁጥር ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። እዚያ ሁለቱን ሞገዶች ለያይተሽ ለ2.4ው አጭር የላቲን ስም ስጪው። የጥበቃውን ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 2 (WPA2) አድርጊው፤ 3 የሚለውን ብዙ ዕቃዎች አያውቁትም። ከዚያ ስልክሽን በአዲሱ ስም አስገቢና ቴርሞስታቱን እንደገና ሞክሪ። የዋይፋይ ምልክቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል ድረስ ቁልፉን ተጭነሽ ያዢ።

ይህም እንቢ ካለ ሌላ መንገድ አለው። ምልክቱ ቀስ ብሎ ብልጭ እስኪል እንደገና ያዢው። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ራሱ ትንሽ ዋይፋይ ያወጣል። በስልክሽ እሱን መርጠሽ ትገቢና የቤትሽን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ታቀብይዋለሽ። ይህኛው ጊዜ ይወስዳል እንጂ ብዙ ጊዜ ይሳካል።

መጀመሪያ ግን ቴርሞስታቱን ሳሎን አምጪና ራውተሩ አጠገብ አገናኚው። ከተገናኘ በኋላ ወደ ጫጩት ቤት ውሰጂው። ያኔ እንቢ ካለ ችግሩ ርቀቱና ቆርቆሮው እንደሆነ ለይተሽ ታውቂያለሽ።

ስለ ጥቅሉ አትጨነቂ። የሚልከው ቁጥር ብቻ ስለሆነ በጣም ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዱባይ የመጣ ከሆነ መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ይሆናል። አራቱ አምፖሎች 1,000 ዋት፣ ማለትም ወደ አራት አምፔር ተኩል ይስባሉ። ቴርሞስታቱ ይችለዋል፤ በየሱቁ የሚሸጠው ልል መቀየሪያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጭኑበት ይግላል። እዚያ ሰጋቱራ አለ፣ ቆርቆሮ አለ። በባለሙያ መሰኪያውን አስቀይሪው።

መልስ 2፦ ተማሪ (ወልድያ)

እናቴ፣ የስልክዎ የአካባቢ መጠቆሚያ (ሎኬሽን) መከፈቱን ይመልከቱ። እሱ ከጠፋ መተግበሪያው በዙሪያው ያሉትን ዋይፋዮች ማየት አይችልም። እሱም ካልሠራ የይለፍ ቃሉን ለጊዜው አንሥተው ይሞክሩ።

መልስ 3፦ ሽቦ ዘርጊ (ኮምቦልቻ)

የአካባቢ መጠቆሚያው ነገር ትክክል ነው፤ እኔ ዘንግቼው ነበር። የይለፍ ቃል ማንሣቱን ግን አልደግፈውም። ለጊዜው የተባለው ተረስቶ ይቀራል፤ ሰፈሩ ሁሉ ገብቶ ጥቅሉን ይጨርስባታል።

መልስ 4፦ ሐይቅ ዳር

እህት ዓለም፣ በሐዘንሽ አዝኛለሁ። እኔም ዶሮ አርቢ ነኝ፤ ጥግ ላይ የተደራረበ ጫጩት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ስለ ዋይፋዩ ወንድማችን በደንብ ነግሮሻል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ያን ሌሊት ጫጩቶችሽን የገደለው የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ቴርሞስታቱም ይጠፋል፣ ራውተሩም ይጠፋል። ታዲያ ስልክሽን ማን ያስጮኸዋል? መልእክተኛው ራሱ ሞቷል። ስልክሽ ዝም ሲል «ሰላም ነው» ብለሽ ትተኛለሽ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። በእሱ ተማምነሽ ሌሊት መነሣቱን እንዳትተዪ።

ሙቀቱን የሚጠብቀው ቴርሞስታቱ እንጂ ኢንተርኔቱ አይደለም። ቁጥሩን በራሱ በዕቃው ቁልፍ ሙዪበት። ጥቅልሽ ቢያልቅም፣ ራውተሩ ቢጠፋም፣ መብራት እስካለ ድረስ አምፖሉን ማብራትና ማጥፋቱን ይቀጥላል። ለመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነስሽ 21 አካባቢ አድርሺው። የሚለካውን ብረት ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅዪው፤ በጫጩቱ ጀርባ ከፍታ፣ ከሰጋቱራው አምስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርገሽ፣ ከአምፖሉ ብርሃን ጠርዝ ላይ አስቀምጪው። ቁጥሩን አይተሽ ግን ጫጩቱን ማየት አትተዪ። አምፖሉ ሥር ከተጠጋጉ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

ዕቃው በትክክል መለካቱን ለማወቅ የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ውሃ ጨምሪና ብረቱን ንከሪው፤ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ የሚፈትኑ አሉ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዕቃው 100 ካላለ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥዪው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል ይዘሽ እንዳትገቢ። በተዘጋ ቤት ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ጫጩቱንም አንቺንም። እኔ ማታ ማታ ውሃ አፍልቼ በትላልቅ ፔርሙዞች አስቀምጣለሁ። መብራት ሲጠፋ በባለ አምስት ሊትር ጀሪካኖች ቀድቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ መሐላቸው አኖራለሁ፤ ከላይ ብርድ ልብስ እጥላለሁ፤ አየር መግቢያ እተዋለሁ።

ጠያቂ፦ የጢጣዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሐሙስ ማታ ነው የምጽፈው።

ሞገዶቹን መለያየቱ ተሳካልኝ፤ ቁጥሩ ራውተሩ ጀርባ ላይ ነበረ። ቴርሞስታቱን ሳሎን አምጥቼ፣ ቶሎ ቶሎ ብልጭ የሚለው መንገድ ሁለት ጊዜ እንቢ ካለኝ በኋላ፣ ቀስ ብሎ ብልጭ በሚለው ሦስተኛው ላይ ተገናኘ። ሳሎኑ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ስልኬ ላይ ስመለከት እጄ ተንቀጠቀጠ።

ወደ ጫጩት ቤት ስወስደው ግን ጠፋ። በሩን ስከፍተው ይመጣል፣ ስዘጋው ይሄዳል። ቆርቆሮው ነው። ራውተሩ ሲም እንጂ ከውጭ የሚመጣ ሽቦ የሌለው ስለሆነ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንሥቼ በጓሮ በኩል ባለው በማድ ቤቱ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ቴርሞስታቱንም ከድንጋዩ ግድግዳ ላይ አንሥቼ ትንሿ የእንጨት መስኮት አጠገብ ሰቀልኩት። አሁን በሩ ተዘግቶም ይሠራል።

ሐይቅ ዳር ወንድሜ፣ የጻፍክልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ስልክሽን ማን ያስጮኸዋል» ያልከው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በኅዳር የሆነው እኮ ይኸው ነው። ምን ላድርግ? ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ልደር?

ሌላም ነገር አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ዲግሪ ጨምር ብዬ በስልኩ አዘዝኩት። ማታ ዝም ብሎ፣ ዛሬ ቀትር ላይ ጨመረ። በቀን ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ሳለ ነው የጨመረው። ጫጩት ቢኖርበት ምን ይሆን ነበር?

መልስ 5፦ ሽቦ ዘርጊ (ኮምቦልቻ)

የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ምሽት 12 ሰዓት እዚያ 18፡00 ነው፤ 12፡00 ያልሽው የእኛ ቀትር 6 ሰዓት ሆኖብሻል። ይልቅ የሰዓት ትእዛዙን ጨርሰሽ አጥፊው። ቴርሞስታት ማለት ሲበርድ ራሱ የሚያበራ፣ ሲሞቅ ራሱ የሚያጠፋ ነው፤ ሰዓት አያስፈልገውም።

ለመብራት መጥፋቱ መድኃኒት አለው፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ባለ 220 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ)፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ትንሽ የባትሪ ደወል ይበቃል። መብራት እስካለ ድረስ ሪሌዩ የደወሉን መንገድ ቆርጦ ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ይለቀዋል፣ ባትሪው ደወሉን ያስጮኸዋል። ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ 220 ስለሆነ ግን አንቺ ራስሽ እንዳትነኪው። ከራስጌሽ አስቀምጪው።

የልጅሽ ስም ደግሞ አይጥፋ። 5ቱን ሞገድ «የእናቴ ቤት» ብለሽ መልሺው፤ ለስልክ ይሆናል። ላቲኑ ለቴርሞስታቱ ብቻ ይሁን። አንዴ ከተገናኘ በኋላ ስልክሽ በየትኛውም ገብቶ ያየዋል።

ጠያቂ፦ የጢጣዋ

ጫጩቶቹ ከገቡ ዛሬ አሥረኛ ቀናቸው ነው። የደወሉን ሥራ የሰፈራችን የመብራት ባለሙያ ዓርብ ጨረሰልኝ፤ መሰኪያውንም ቀየረው። በረዶው ውስጥ ቴርሞስታቱ 0.6 አሳየ፤ ይህን ካወቅሁ ይበቃኛል።

ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ስልኬን ሳየው አሁንም «33 ዲግሪ» እንዳለ ነበር፤ መብራት ከመጥፋቱ በፊት የላከው የመጨረሻው ቁጥር ነው። በእሱ ብታመን ኖሮ ተመልሼ እተኛ ነበር። አራት ጀሪካን ቀድቼ ገባሁ። ገና መሰብሰብ ጀምረው ነበር እንጂ አልተደራረቡም። መብራት የመጣው ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው፤ ቴርሞስታቱ ራሱን ችሎ ያንኑ 33 ያዘ፣ ስልኬም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አገኘው።

እስካሁን ከ150ው ሦስት ሞተዋል፤ ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን ከመንገድ ደክመው የመጡ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ቁጥሩን ወደ 30 አውርጄዋለሁ፤ በሰጋቱራው ላይ ተበትነው ነው የሚተኙት። ልጄ ለዕረፍት ሲመጣ ስልኩ እንደ ድሮው በ«የእናቴ ቤት» በራሱ ይገናኛል።