ለልጃችን የለውዝ አለርጂ እርዳታ የምንጠይቀው ለምንና ከማን ነው?

የሳቢያን እናት
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ያሽከረክራል፤ እኔ ሳምቡሳ ጠብሼ እሸጣለሁ። የ5 ዓመት ልጃችን ለውዝ ሲነካ ሽፍታ ይወጣበት ነበር፤ በቅርቡ ግን ለቡና ከቀረበ ቆሎ ውስጥ የባቢሌ ለውዝ ጥቂት ፍሬ አንሥቶ በመብላቱ ከንፈሩ አብጦ፣ ድምፁ ታፍኖ፣ ደረቱ እያፏጨ ሆስፒታል አደረስነው። በመርፌ ተረፈ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ ከልጁ እንዳይለይ አዘዘን። በራሱ የሚወጋው እስክሪብቶ መሳይ መርፌ በጠየቅንባቸው ፋርማሲዎች አልተገኘም፤ ከውጭ እናስመጣለን ያሉን ደግሞ ከወር ገቢያችን በላይ ጠየቁን። ዘመዶቻችን ገንዘብ ተዋጥቶ ውጭ አገር ይታከም ይላሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ነርስ ከሐረር
እህቴ፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፈላችሁ። እስክሪብቶው ውስጥ ያለው መድኃኒት ኤፒንፍሪን ወይም አድሬናሊን የሚባለው ሲሆን፣ ሆስፒታሎች በአምፑል፣ ማለትም በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ከሚይዙት ጋር አንድ ነው፤ ዋጋውን የሚያንረው በዋናነት መወጊያው ነው። ስለዚህ ሐኪሙን አምፑልና ስሪንጅ እንዲያዝልዎ፣ በልጁ ክብደት የተሰላውን መጠን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ፣ አቀዳዱንና በጭኑ የጎን ጡንቻ ላይ አወጋጉን ለእርስዎም ለባለቤትዎም እያሠራ እንዲያሳያችሁ ይጠይቁት። ልኩ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ስለሆነ ትንሽ ስሕተት ብዙ ያዛባል፤ ያለ እርሱ ትእዛዝና ያለ ልምምድ አይሞከርም። የድሬን ሙቀት ያውቁታልና መድኃኒቱ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ አይቀመጥ፤ ፍሪዘርም አይግባ። የማሳከክ ክኒን ወይም ሽሮፕ የተዘጋ የአየር መንገድ ስለማይከፍት ምትክ አይሆንም። ልጁ ተወግቶ ቢሻለው እንኳ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ይድረስ። ደግሞም በክብደት መቀነስ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት አለርጂውን አስቀድመው ይንገሩ፤ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የተባለው ምግብ የሚሠራው ከለውዝ ነው።

የመጋላ ሽማግሌ
ልጄ፣ ባልሽ ደመወዝተኛ ስላልሆነ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለእናንተ ዓይነቱ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ የምዝገባውን ጊዜ ጠይቁ፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር መኖሩንም አንሡ። አባል ከሆናችሁ በኋላ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ሂዱ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ለቀረው ወጪ የእድራችሁን ዳኛ አነጋግሪ። እድር ለቀብር ብቻ ነው ብለሽ አትፈሪ፤ ለታመመ አባል የሚያበድሩ፣ መዋጮም የሚያወጡ አሉ። ስትጠይቂ የሐኪሙን ማስረጃ ይዘሽ፣ የምትፈልጊውን ዕቃና ዋጋውን ለይተሽ ተናገሪ፤ ሰው የሚሰጠው ገንዘቡ የት እንደሚውል ሲያውቅ ነው።

የሁለት ልጆች አባት
የውጭ አገሩን ነገር በሰከነ መንፈስ እዩት። ለአስም የሚሰጠው ኦማሊዙማብ የተባለ መርፌ በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ለምግብ አለርጂም ተፈቅዷል፤ ሆኖም የሚያደርገው በስሕተት ቢበላ የሚደርሰውን ጉዳት መቀነስ ነው፤ በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተወጋ ይቀጥላል እንጂ አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያድን አይደለም። ከለውዝ መራቅም፣ አድሬናሊን መያዝም ያኔም አይቀሩም። በበኩሌ ለአውሮፕላን ቲኬት ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት አምፑሉና ሥልጠናው ይቅደም እላለሁ።

የሳቢያን እናት
ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልን። እድራችንን የማነጋግረው ለአምፑልና ለምርመራ ወጪ ብቻ ይሆናል። አጸደ ሕፃናት ሲውልስ መድኃኒቱ በማን እጅ ይሁን?

ነርስ ከሐረር
ሐኪሙ ከፈቀደ ሁለተኛ አምፑል ከነስሪንጁና ከተጻፈው መጠን ጋር አጸደ ሕፃናቱ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቢያንስ ሁለት መምህራን ከእናንተ ጋር አብረው ይሠልጥኑ። ልጆቹ መክሰስ እንዳይለዋወጡም ርእሰ መምህሯን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ በእኛ አካባቢ የተቆላ ለውዝ የማይገኝበት የምሳ ዕቃ ጥቂት ነውና።