የማላውቀው ብድር በስሜ ወጣብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የማራኪው አናጢ)፦
ሰላም ጎንደሬዎች እንዴት ሰነበታችሁ። ማራኪ ትንሽ የእንጨት ስራ ቤት አለችኝ፣ መላጊያ ማሽን ልገዛ ብዬ ብድር ጠይቄ ቤት ሁሉ ካስገመትኩ በኋላ ሎን ኦፊሰሯ ደውላ "ሌላ ባንክ ያልከፈልከው ብድር አለብህ፣ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ላይ ወጥቷል" አለችኝ። እኔ ከእቁብ ውጭ የባንክ ብር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ወረቀቱን ስታሳየኝ ስሙ እስከ አያቴ የኔው ነው፣ የስራ ዘርፉ ግን ሰሊጥ ንግድ፣ ቅርንጫፉ መተማ! መተማን በአይኔ አይቻት አላውቅም። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ እባካችሁ።

የአዘዞዋ፦
አይዞህ ወንድሜ። ለዘመድ ዋስ ሆነህ ፈርመህ አታውቅም ግን? በደንብ አስብ፣ ሰው ፈርሞ ይረሳል።

የማራኪው አናጢ፦
ኧረ በጭራሽ እህቴ፣ ለወንድሜም ፈርሜ አላውቅ።

ባንክ የሰራ ሰው፦
እስከ አያት ስም መመሳሰል እኛ አገር ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ ስሙን ተወውና ቲን ነምበሩን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን) እይ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቲን ካንተ 10 አሃዝ ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም? የተለየ ከሆነ በስም ብቻ ነው የተምታታው፣ አሁን ያለህበት ባንክ ራሱ እንደገና አጣርቶ ሊጨርሰው ይችላል። ያንተው ቲን ከሆነ ግን ብድሩን የሰጠው ባንክ ሲመዘግብ ተሳስቷል ወይ ሰው በወረቀትህ ተበድሯል። ብሔራዊ ባንክ የሚያየው ባንኮች የላኩለትን ነው፣ ስለዚህ ማስተካከያው መነሳት ያለበት ከላከው ባንክ ነው። በቃል አትከራከር፣ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፍ፣ ፋይዳህን የቲን ሰርተፍኬትህንና ንግድ ፈቃድህን አያይዝ፣ የብድር ውሉ ላይ ያለው ፊርማና ፎቶ ከኔ ጋር ይመሳከር በል፣ አንዱን ኮፒ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማህተም አስደርገህ ያዝ። ካልመለሱልህ በዛው ኮፒ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ትላለህ። አደራህን ብሩ ትንሽ ነው ብለህ ከፍለህ ለመገላገል እንዳታስብ፣ ከከፈልክ ብድሩ የኔ ነው እንዳልክ ይቆጠርብሃል። ፊርማው ያንተን አስመስሎ የተፈረመ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ፖሊስ።

ከአሜሪካ፦
እኔም እዚህ ደርሶብኛል፣ የእህቴ የመኪና ብድር የኔ ክሬዲት ሪፖርት (የብድር ታሪክ መዝገብ) ውስጥ ገብቶ፤ የአባት ስም አንድ፣ አድራሻ አንድ። እዚህ ለክሬዲት ድርጅቱ ስታመለክት በህግ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ማጣራት አለበት፣ ግን ድርጅቶቹ ሶስት ናቸው፣ በአንዱ ሲታረም ሌላው ላይ ሊቀር ስለሚችል ሶስቱንም ለየብቻ አየሁ። አንተም ተስተካክሏል ሲሉህ እንደገና አስወጥተህ በአይንህ እይ።

የማራኪው አናጢ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ሄጄ ኦፊሰሯን ቲኑን አንብቢልኝ አልኳት፣ አንድ አንድ ቁጥር እየጠራች እኔ ሰርተፍኬቴ ላይ በጣቴ ስከተል ስምንቱ ገጠመ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተገላቢጦሽ ናቸው! የኔ 47 የሱ 74። እሷም ደነገጠች። ደብዳቤውን እዛው ጽፌ ቁጥር አስይዣለሁ፣ እንደገና አጣርተን ሐሙስ እንጠራሃለን ብለውኛል።

የአዘዞዋ፦
እሰይ! ኮፒውን ግን ቤት አስቀምጠው፣ ኪስህ ውስጥ ይዘህ እንዳትዞር።